የወተቱን ማሽን ያጠፋሁ ቀን

ሰው ሲያመሰግነኝ አንገቴን ስደፋ ትሕትና ይዞት ነው የሚሉ አሉ። ትሕትና አይደለም። አንድ የሐምሌ ቀን የሠራሁት ሥራ አለ። በዚያ ሥራ እስከ ዛሬ ስመረቅ እኖራለሁ። እስቲ እንደሆነው ልንገራችሁ፤ ፍርዱን እናንተ ስጡ።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። የማቀዝቀዣ ጥገና ተምሬ ፍኖተ ሰላም ላይ የሰው ፍሪጅ ስጠግን ቆየሁና፣ በቡሬና በማንኩሳ መካከል፣ ከአስፋልቱ አንድ ሰዓት በእግር ገባ ብሎ ባለ አንድ የእርዳታ ድርጅት ግቢ ተቀጠርሁ። በግቢው ውስጥ ገበሬዎች ጠዋት ጠዋት ወተት የሚያስረክቡበት የማኅበር ቤትና አራት አልጋ ያላት የማዋለጃ ክሊኒክ ነበሩ። የአካባቢው ማገዶ እያለቀ ስለነበር ፈረንጆቹ አዲስ ነገር ለመሞከር ብለው ሁለቱን ቤቶች በአንድ ቧንቧ አገናኝተዋቸዋል። ከመሬት በታች የተቀበረ የውሃ ታንከር አለ፤ ውሃው ከታንከሩ ወጥቶ ሁለቱንም ቤት ዞሮ ተመልሶ እዚያው ይገባል። በእያንዳንዱ ቤት ውስጥ ደግሞ ከዚህ ቧንቧ ጋር የተያያዘ አንድ አንድ ማሽን አለ። የማኅበሩ ማሽን ወተት ታቀዘቅዛለች። የክሊኒኩ ማሽን ሁለት ጠባይ አላት፦ በመጋቢት ሐሩር ክፍሉን ታቀዘቅዛለች፤ ክረምት ሲገባ ግን አንድ ቫልቭ ይገለበጥና የአራሶቹን ክፍል ታሞቃለች። ቫልቩን የምገለብጠው እኔ ነኝ። ያገሬው ሰው «የብርድና የሙቀቱ ጌታ» እያለ ይቀልድብኝ ነበር፤ እኔም አልጠላሁትም።

ማሽኖቹን የተከለው ከአዲስ አበባ የመጣ ኢንጂነር ፍሥሐ የሚባል ቁጥብ ሰው ነው። ሊሄድ ሲል መኪናው ውስጥ ከገባ በኋላ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣

«መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ የሚችለው አንዷን ብቻ ነው» አለኝ። «አንድ ሰዓት ይህችን፣ አንድ ሰዓት ያችን፣ ተራ በተራ ታስነሳለህ። አንዷን ዘግተህ ሌላዋን ብቻ እንዳትነዳ።»

«እሺ» አልሁ።

ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። ማኅበሩና ክሊኒኩ እንዳይጣሉ፣ እኩል እንዲደርሳቸው ያሰበ መሰለኝ።

የሐዋርያት ጾም ሊፈታ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ገበሬው ለጾም መፍቻ ብሎ ወተቱን ከሌላው ጊዜ አብዝቶ አመጣ። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የማኅበሩ ቤት ደጅ ላይ ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች ጀሪካናቸውን ይዘው ከነጠላቸው ስር ተኮራምተው ቆመዋል። ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ አላባራም። በዚያው ሰዓት ክሊኒኩ ውስጥ የዝና የምትባል የማንኩሳ በኩል ገበሬ ሚስት መንታ ተገላገለች። ጊዜያቸው ገና ነበር። ወንዱ እፍኝ አይሞላም፤ ሴቲቱ ትንሽ ሻል ትላለች። እናትየዋ ደም ፈሷት ራሷን አታውቅም።

አዋላጇ ሲስተር አስናቀች ትባላለች፤ የቡሬ ልጅ፣ ቃሏ አጭር፣ እጇ ፈጣን። ከማሽኑ ክፍል ደጅ ድረስ በዝናብ መጣችና፣

«ይበልጣል፣ ክፍሉን ከወትሮው ከፍ አድርገህ አሙቅልኝ» አለችኝ። «እነዚህ ልጆች ሙቀት ካጡ አይቆዩም።»

«ወደ ሆስፒታል አይሄዱም?»

«በምን? ወንዙ ሞልቷል። አምቡላንሱ ከማዶ አስፋልቱ ላይ ቀርቷል አሉ።»

ሙቀቱን ከፍ አደረግሁ። ክፍሉ ሞቀ። ሁለት ሰዓት ሲሆን መብራት ጠፋ።

ጄኔሬተሩን አስነሳሁ። ከዚያ ሁለቱ ማብሪያዎች ፊት ቆሜ አሰብሁ። ደንቡ ተራ በተራ ነው። እንደ ደንቡ ከሄድሁ ልጆቹ ያሉበት ክፍል አንድ ሰዓት ይሞቃል፣ አንድ ሰዓት ያለ ማሽን ይቀመጣል። ከውጭ በረዶ መዝነብ ጀምሮ የጣሪያው ቆርቆሮ ጆሮ ያደነቁራል። ወጣሁና ወደ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ወደ አያ ይርሳው ሄድሁ። ስድሳ ያለፋቸው፣ ሲናገሩ መሬት መሬት የሚያዩ ሰው ናቸው።

«አያ ይርሳው፣ ጄኔሬተሩ ሁለቱን አይችልም» አልኋቸው። «የወተቱን ማሽን ላጥፋው ወይ? ለልጆቹ ብዬ ነው።»

«ስንት ጊዜ?»

«መብራት እስኪመጣ። ምናልባት እስከ ማታ።»

ከኋላ አንድ ሰው አጉረመረመ። «ለፍስክ ብለን ከጥጃ አፍ ነጥቀን ያመጣነው እኮ ነው! የትናንቱም ገንዳ ውስጥ አለ። ሁሉም ይበላሻል።»

አያ ይርሳው ዞር ብለው አዩት። «ላም ነገም ትታለባለች» አሉ። «ሰው ግን አንዴ ነው የሚወለድ።» ከዚያ ወደ እኔ፣ «አጥፋው ልጄ። ወተት ቢደፋ ይደፋ፤ ነፍስ አይደፋ።»

ያጉረመረመውም ሰው ጀሪካኑን ከዝናቡ ፈቀቅ አድርጎ ተቀመጠ። እኔም ሄጄ የወተቱን ማሽን አጠፋሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እጄ ማብሪያው ላይ ሳለ ደረቴ በደስታ ሞልቶ ነበር። መልካም ሥራ የሠራሁ መሰለኝ። ሠላሳ ሰው ወተቱን ለማያውቀው ልጅ ሲሰጥ ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

ወደ ክሊኒኩ ስመለስ የልጆቹ አባት አላምረው ከደጅ ቆሟል። ጋቢው ረጥቦ ከትከሻው ላይ ይንጠባጠባል።

«ሲስተር ወንዱ ልጅ አያስተማምንም ትላለች» አለኝ። «ክርስትና ሳይነሳ ቢሞትብኝ ፍትሐት የለው፣ ስም የለው። ቄሱን ላምጣ ብዬ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ በወዲህ በኩል ነው፤ ወንዝ የለበትም። ግን ጥያቸው መሄድ ፈራሁ።»

«ሂድ» አልሁት። «እኔ አለሁ። እስክትመለስ ክፍሉ አይበርድም።»

«ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

ጉልበቴን ሊስም ሲል ያዝሁት። በዝናቡ ውስጥ እየሮጠ ሄደ።

እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ክፍሉ እንደ ምድጃ ዳር ሞቆ ቆየ። ሲስተር አስናቀች በየጊዜው ብቅ እያለች «ጎበዝ፣ እንደዚሁ» ትለኛለች። ስድስት ተኩል ላይ ማሽኗ ወደ ክፍሉ የምትነፍሰው አየር ለዘብ ያለ መሰለኝ። ሙቀቱን ጨመርሁ። ሰባት ሰዓት ላይ ማሽኗ ቀጥ ብላ ቆመች። ቀይ መብራት በራ።

መቆጣጠሪያው ላይ የቧንቧው ውሃ ሦስት ዲግሪ ነው ይላል። ሳቅሁ። ከመሬት በታች የተቀበረ ውሃ እንዴት ሦስት ዲግሪ ይሆናል? ጠዋት ሃያ ነበር። ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ተበላሽቷል አልሁ፤ በረዶው የሆነ ሽቦ አርጥቦበታል። ቧንቧው በስፖንጅ ተጠቅልሏል። ስፖንጁን በጣቴ ገለጥ አድርጌ ቧንቧውን ነክቼው ቢሆን ኖሮ ሁሉን ነገር አውቅ ነበር። ይህ ከአምስት ሰከንድ በላይ አይፈጅም። አልነካሁትም።

«ይበልጣል!» ሲስተር ከክሊኒኩ ደጅ ተጣራች። «ምን ሆነ? ቆመ እኮ!»

«መጣሁ! የሴንሰር ብልሽት ነው፤ አሁን ይነሳል!»

ከኪሴ ቁራጭ ሽቦ አወጣሁና መከላከያውን አቋርጬ አገናኘሁት። ማለት ማሽኗ «አልችልም» ብላ እንዳትቆም አፏን ዘጋሁት። ተነሳች። ቀይ መብራቱ ጠፋ። ሲስተር «ተመስገን» ስትል ሰማሁ።

ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ከማሽኗ ሆድ ውስጥ ጠቅ የሚል ድምፅ ወጣ፤ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር እንደሚሰማ ያለ ነገር። ከዚያ ፉጨት። ከዚያ የማሽኗ ሞተር፣ ኮምፕሬሰሩ፣ ሲያቃስት ሰማሁና ሮጬ ሳጠፋው እጄን አቃጠለኝ። ከስሯ ውሃና የበረዶ ስብርባሪ አብሮ ፈሰሰ። በእጄ አነሳሁት። በረዶ ነው። የሰማዩ በረዶ ገብቶ ነው አልሁ፤ የማሽኗ ክፍል ጣሪያ ግን አንድ ቀዳዳ አልነበረበትም። የማያምን ሰው የሚያየውን አያይም።

ወደ ክፍሉ ሮጥሁ። «ሞታለች» አልሁ። «ማሽኗ ሞታለች። የምትጠገን አይደለችም።»

ሲስተር አስናቀች አልጮኸችብኝም። ግድግዳው ላይ ያለውን ቴርሞሜትር አየች። መስኮቱ በጉም ነጥቷል።

«ከሰል ላቀጣጥል?»

«በዝግ ቤት ጢሱ ይቀድማቸዋል» አለች። «ሰው ጥራልኝ። ጤነኛ፣ ሞቃት ሰው። ያልረጠበ።»

ወተት ካመጡት ሴቶች ተጠልላ የዋለች እትዬ አለሚቱ የምትባል ወፍራም ሴትዮ መጣች። ሲስተር ቀሚሷን አስፈታችና ሴቲቱን ልጅ ከገላዋ ጋር አጣበቀቻት፤ በላይ በላይዋ ጋቢ ጠቀለለቻት። እናትየዋ እንደ ብረት ቀዝቅዛለች፤ ልጅ ሊሰጣት አይችልም። ሌሎቹ ሴቶች ለብሰውት የመጡት ሁሉ እስከ ገላቸው በስብሷል። ከጠዋቱ ዝናብ በኋላ ማሽን ክፍል ውስጥ ስለዋልሁ ደርቄ የነበርሁ እኔ ብቻ ነኝ።

«ሸሚዝህን አውልቅ» አለችኝ።

«እኔ?»

«ቶሎ።»

ወንዱን ልጅ ደረቴ ላይ አስቀመጠችው። ክብደት የለውም ማለት ይቻላል። የመሰለኝ ቆዳዬ ላይ ርጥብ ቅጠል የተለጠፈ ነው። ትንሽ ትንሽ ይተነፍሳል፤ ይቆማል፤ ደግሞ ይተነፍሳል። ሲስተር በብርድ ልብስ ጠቀለለችን። «አትንቀሳቀስ» አለች። «ልብህን ይስማ።»

አያ ይርሳው ከደጅ ሆነው እሳት አስለኩሰው ውሃ ሲያፈሉ ኖሮ፣ ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተው በጨርቅ እየጠቀለሉ ያቀብላሉ። ጎኔ ላይ ደረደሩልኝ። እኔ ልጁን አናግረው ጀመር። «አባትህ እየመጣ ነው» እለዋለሁ። «ስም ይዞልህ እየመጣ ነው፤ ትንሽ ጠብቀው።» እንዲህ ስለው አንዴ ጣቶቹን የዘረጋ መሰለኝ፤ ደረቴ ላይ ያለውን ፀጉር ያዘ። እስከ ዛሬ ቦታውን አውቀዋለሁ።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ትንፋሹ ቆመ። ይመለሳል ብዬ ጠበቅሁ። ቆጠርሁ። ሲስተር መጥታ ጣቷን አንገቱ ስር አደረገች፤ በሁለት ጣቷ ደረቱን እየተጫነች፣ አፏን አፉ ላይ ገጥማ ቆየች። ብዙ ጊዜ ቆየች። ከዚያ ቀና አለችና፣

«ይበቃል» አለች።

«ገና ሞቃት ነው!»

«የአንተ ሙቀት ነው።»

አልሰጥም ብዬ ያዝሁት። ቅዳሴ እስኪወጣ ቆይተው አላምረውና ቄሱ ሲገቡ እንዲያ ሆኜ ነበር ያገኙኝ፤ ደረቴ ተራቁቶ፣ ልጁን እንደታቀፍሁ። ቄሱ ጃንጥላቸውን ከደጅ ትተው አንድ እርምጃ ገቡና ነገሩ ገባቸው። አላምረው አጠገቤ ተንበረከከ። ልጁን አላየም፤ እኔን ነው ያየ።

«እስከ መጨረሻው ታቅፈኸው ነበር?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«እግዜር ይስጥህ ወንድሜ» አለ። ትከሻዬን ሳመኝ። «እግዜር ብድርህን ይክፈልህ።»

ያን ዕለት አመሻሽ ልጁን ያለ ፍትሐት፣ ያለ ስም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቀበሩት። የማኅበሩ ሰዎች የተበላሸውን ወተት ቦይ ውስጥ ሲደፉ አየሁ፤ ዝናቡ ላይ ነጭ ሆኖ እየተንሳፈፈ ሄደ። አንድም ሰው ቅር አላለውም። ሴቲቱ ልጅ ተረፈች። እናትየዋም ተረፈች።

ከዚያ በኋላ እኔ በአካባቢው የታወቅሁ ሰው ሆንሁ። «የሰው ልጅ በደረቱ ያሞቀ» እያሉ በገበያ ያሳዩኝ ነበር። የዝና ጤናዋ ሲመለስ በሰው እጅ እንቁላልና አንድ ሙክት ሰደደችልኝ። በላሁት።

ኅዳር ላይ ኢንጂነር ፍሥሐ መጣ። የሞተችውን ማሽን ፈታ፤ ከውስጧ የተሰነጠቀ ሳህን የመሰለ ብረት አወጣና ወደ ብርሃን አዞረው። ከዚያ የጄኔሬተሩን መዝገብ ገለጠ። የዚያን ዕለት ምን ሰዓት የትኛዋ ማሽን እንደሠራች በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ። ከላይ እስከ ታች አነበበው።

«ተራ በተራ አላልሁህም ወይ?»

«ለልጆቹ ብዬ ነው። የወተቱን አጥፍቼ ኃይሉን ሁሉ ለክፍሉ ሰጠሁት።»

«ይበልጣል» አለ በዝግታ። «ክፍሉን የሚያሞቀው ሙቀት ከየት የሚመጣ ይመስልሃል?»

«ከማሽኗ።»

«ማሽኗ ሙቀት አትሠራም። ከውሃው ታወጣለች እንጂ። ውሃውስ ከየት አገኘው? ወተቱ ከላሟ ገላ ሙቀት ይዞ ይመጣል። የወተቱ ማሽን ያንን ሙቀት ከወተቱ ስባ ለቧንቧው ትሰጣለች፤ የክፍሉ ማሽን ከቧንቧው ትቀበላለች። የወተቱን ስታጠፋው የክፍሉን ምንጭ አደረቅኸው። አምስት ሰዓት ሙሉ ስትቀዳ ውሃው በረዶ እስኪሆን ደረሰ። ማሽኗ ራሷን ልታድን ቆመች፤ አንተ በሽቦ አሰርሃት።»

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የሠላሳ ሰው ወተት በየጀሪካኑ ሙቀቱን እንደያዘ ተቀምጦ ነበር። ለልጁ የሚበቃው ነገር ሁሉ ከደጁ ሃያ እርምጃ ላይ ነበር። እኔ ነኝ የዘጋሁበት።

«ተራ በተራ ብሄድ ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

«እሱን እኔ አላውቅም። ማሽኗ ግን አትሞትም ነበር።» መዝገቡን ዘጋው። «ለምን እንደሆነ ሳልነግርህ ሄጃለሁ፤ እኔም አለሁበት። ሪፖርቱ ላይ በአየር ጠባይ የደረሰ ብልሽት ብዬ ነው የምጽፍ። አንተም ለማንም አትናገር። የሞተ አይመለስም።»

አሥር ቀን ዝም አልሁ። በአሥራ አንደኛው ቀን ወደ አላምረው ሄድሁ።

ጤፍ እያጨደ አገኘሁት። ብቻውን ነበር። ቆሜ ሁሉንም ነገርሁት፤ ስለ ተራ በተራው፣ ስለ ወተቱ፣ ስለ ሽቦው። ማጭዱን እንደያዘ ሰማኝ። ስጨርስ ፊቱ ላይ አንድም ነገር አልተለወጠም። ብቻ ማጭዱን የያዘበት እጁ ነጥቷል።

«ሌላ ማን ያውቃል?»

«ኢንጂነሩ።»

«የዝና አታውቅም።»

«ልነግራት ነው የመጣሁ።»

«አትነግራትም» አለ። ድምፁ ከፍ አላለም። «ልጄ በሰው ደረት ላይ ነው የሞተ፣ ብቻውን አልሞተም እያለች ነው እንቅልፍ የሚወስዳት። ጠዋትና ማታ ስትጸልይ ከእኔ ስም በፊት ያንተን ትጠራለች። ይኸን ከወሰድህባት ምን ልትሰጣት ነው?»

«አላምረው፣ ይቅር በለኝ።»

«ይቅርታ የሚያውቁ ቄሱ ናቸው። እኔ ገና አላወቅሁም። ምርቃቷን ግን ተሸከመው። ሲከብድህ ደግሞ ልጄን አስብ።»

ጎንበስ ብሎ ማጨዱን ቀጠለ። ዞሬ ልሄድ ስል የዝና ሴቲቱን ልጅ አዝላ፣ የቆሎ ቁና ይዛ በማሳው ዳር መጣች። ስታየኝ ቁናውን መሬት ላይ አስቀምጣ እልል አለች። ልጅቱን ከጀርባዋ አውርዳ እጄ ላይ አደረገችልኝ። «ያንተ ናት እኮ» አለች። «ዕድሜህን እንደ ማቱሳላ ያርዝመው። ለሌላው ሰው ልጅ ደረቱን የሰጠ፣ ለራሱ ልጅ አይጣ።» አላምረው ቀና አላለም። የማጭዱ ድምፅ ብቻ ይሰማኝ ነበር። «አሜን» አልሁ። ሌላ ምን ልል?

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ይኸ ነው። ግቢው ተዘግቷል፤ ቧንቧው መሬት ውስጥ ቀርቷል። እኔ ፍኖተ ሰላም ላይ ወጣቶችን የማቀዝቀዣ ሙያ አስተምራለሁ። አንድን ነገር «እንዲህ አድርጉ» ብዬ ለምን እንደሆነ ሳልነግራቸው ከክፍል አልወጣም። «እሺ» ብቻ ያለኝንም ተማሪ አላልፈውም፤ ለምን እንደሆነ መልሶ እስኪነግረኝ አቆመዋለሁ። ተማሪዎቼ ክፉ አስተማሪ ነው ይላሉ። ደግነት የሚያኮራችሁ ሰዎች ካላችሁ ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ለአንዱ ለመስጠት ሌላውን ስትዘጉ፣ የምትሰጡት ነገር ከየት እንደሚመጣ እዩ። ያን ዕለት በዚያ ግቢ ክፉ ሰው አልነበረም። ሁላችንም የምንችለውን ሰጥተናል። ልጁ ግን ሞተ።

አላምረው ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። ይቅር ብዬሃለሁ አላለኝም፤ በየዓመቱ ሳየው እጁን ይሰጠኝ ነበር እንጂ። የዝና ዛሬም ትመርቀኛለች፤ ማንበብ አትችልም። ልጅቱ ግን ዘጠነኛ ክፍል ደርሳ ከተማችን ውስጥ ተከራይታ ትማራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቴ ትመጣለች። ባለፈው ቅዳሜ ደብተሯን ዘጋችና፣ «ጋሼ፣ ወንድሜ እንዴት ነው የሞተው? ያቀፍኸው አንተ ነህ፤ ንገረኝ እስቲ» አለችኝ። «ሌላ ቀን» አልኋት። የአባቷን ቃል ላፈርስ ነው ወይስ ሸክሜን በልጅ ትከሻ ላይ ልጭን፣ አላውቅም። ይኸን ግን የጻፍሁት መጀመሪያ ለእሷ ነው። ነገ ቅዳሜ ነው።